«ኢሚዲየትሊ» እና «ኢንስታንትሊ»፦ ሁለቱንም «ወዲያው» ብለን እንለፋቸው?

ቃል ፈላጊ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የትርጉም ሥራ ላይ ነኝ። አንድ የትራፊክ አደጋ ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ለካሳ ጉዳይ ወደ አሜሪካ የሚላክ ሰነድ ነው። ውስጡ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ተጎጂው ወዲያውኑ ሕይወቱ አልፏል።»

መጀመሪያ «ኢሚዲየትሊ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች የአደጋ ዜና ሲዘግቡ «ኢንስታንትሊ» ማለት እንደሚወዱ ትዝ አለኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሁለቱንም «ወዲያው፣ ወዲያውኑ፣ በቅጽበት» እያለ ደርድሯቸዋል። በዚህ መሠረት አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ልዩነት አላቸው? ካላቸው እዚህ ቦታ የትኛው ይገባል? ነገሩ የሰው ሞት ነውና እንደነገሩ ጽፌ ማለፍ አልፈልግም።

አዳማ 07

ወንድሜ ራስህን አታስጨንቅ። አንድ ናቸው። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር አምስት ቃል መደርደር ይወዳል። ደስ ያለህን አስገባና ሥራህን ጨርስ።

መምህር ዘጎንደር

አንድ አይደሉም። ብዙ ቦታ ላይ አንዱ በሌላው ሊተካ ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው። ሥራቸው ግን ይለያያል።

«ኢሚዲየት» ከላቲን የመጣ ነው። ውስጡ «መካከል» የሚል ቃል አለ፣ ከፊቱ አፍራሽ ምዕላድ ተለጥፎበታል። ሲፈታ «መካከል የሌለው» ማለት ነው። ሁለት ነገሮች አሉ፤ በመሃላቸው የገባ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ተራ ነው፣ ስለ መቀራረብ ነው። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት በእንግሊዝኛ «ኢሚዲየት ፋሚሊ» የሚባሉት ለዚህ ነው። የቅርብ አለቃህ «ኢሚዲየት ሱፐርቫይዘር» የሚባለውም በአንተና በእሱ መካከል ሌላ አለቃ ስለሌለ ነው። እዚህ ውስጥ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም።

«ኢንስታንት» ደግሞ «አጠገብ መቆም፣ ደርሶ መገኘት» ከሚል የላቲን ግሥ ነው የመጣው። የድሮ የእንግሊዝ የንግድ ደብዳቤዎችን ብታይ ከቀን ቁጥር ቀጥሎ «ኢንስት» የሚል አጽሕሮት ታገኛለህ። «በያዝነው ወር» ማለት ነበር። ዛሬ ቃሉ ጠብቦ ጠብቦ ቅጽበት ሆኗል። ርዝመት የሌለው የጊዜ ነጥብ።

እንግዲህ «ኢሚዲየትሊ» የሚመልሰው «ከምን ቀጥሎ?» የሚለውን ነው። «ኢንስታንትሊ» የሚመልሰው «ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?» የሚለውን ነው። መልሱም «ምንም» ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። «ልክ ከምሳ በኋላ» ለማለት «ኢሚዲየትሊ አፍተር ላንች» ትላለህ። «ኢንስታንትሊ አፍተር ላንች» ብትል ጆሮ ይቆረቁራል። «ከባንኩ አጠገብ ያለው ሕንፃ» ለማለትም «ኢሚዲየትሊ ኔክስት ቱ ዘ ባንክ» ይባላል። እዚህ «ኢንስታንትሊ» ጨርሶ አይገባም፤ ሕንፃ ቆሟል እንጂ አልተከሰተም።

በእኛም ቋንቋ መልኩ አለ። «እሱ ወጣ፤ ወዲያው እሷ ገባች» ስንል በመሃል ሌላ ነገር አልተከናወነም ማለታችን ነው። በሩን ከፍታ ለመግባት የፈጀባትን ጊዜ ማንም አልቆጠረም። «መብራቱ በቅጽበት ጠፋ» ስንል ግን መጥፋቱ ራሱ ጊዜ አልወሰደም። «ወዲያው» ውስጥ «ወዲያ» የሚል የቦታ ቃል መኖሩንም ልብ በሉ።

ነርስ ከሜሪላንድ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ይህን ልዩነት ሥራ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ።

ሐኪም «ስታት» ብሎ ሲያዝ ከላቲን «ስታቲም» የመጣ ነው፣ ወዲያው ማለት ነው። ትዕዛዙን እንዳየሁ ተነሳሁ እንበል። መድኃኒቱን ከማስቀመጫው አወጣለሁ። የታካሚውን ስምና የልደት ቀን እጁ ላይ ካለው መለያ ጋር አስተያያለሁ። አለርጂ እንዳለበት አያለሁ። መጠኑን በሲሪንጅ እስባለሁ፣ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ እሰጣለሁ። ይህ ሁሉ ደቂቃዎች ይወስዳል። ግን በመሃል ሌላ ታካሚ ጋ አልሄድኩም፣ ሌላ ሥራ አልጀመርኩም። ያደረግኩት ሁሉ የዚያው ሥራ አካል ነው። «ኢሚዲየትሊ» ማለት ይሄ ነው። «ኢንስታንትሊ ስጪ» የሚል ትዕዛዝ የለም። ቢኖርም ማንም ሰው ሊፈጽመው አይችልም።

አሁን ሌላውን ላሳያችሁ። አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ልብ ከመጠን በላይ ስትፈጥን ለአንዳንድ ዓይነት ምት ይሰጣል። ቀስ ተብሎ አይሰጥም። በደም ሥር በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይገፋል፣ ከኋላው ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይከተለዋል። ምክንያቱም ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ከ10 ሰከንድ በታች ነው። ከዘገየህ ልብ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ከተሳካ ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ልብ በደህና ምቷ ትነሳለች። እንዲህ ያለውን ነው «ኦልሞስት ኢንስታንትሊ»፣ «በቅጽበት ማለት ይቻላል»፣ የምንለው። «ኦልሞስት» የምትለዋን አንተዋትም፣ ጥቂትም ቢሆን ሰከንድ ስላለ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለሁላችሁም ይጠቅማል። የመድኃኒት ዕቃ ላይ «ኢሚዲየት ሪሊስ» የሚል ታያላችሁ። «እንደዋጥኩት ይሻለኛል» ማለት አይደለም። ክኒኑ መድኃኒቱን አቆይቶ ቀስ በቀስ የሚለቅ ዓይነት አይደለም ማለት ብቻ ነው። በአፍ የተዋጠ ክኒን መሟሟት አለበት፣ ከአንጀት ወደ ደም መግባት አለበት። ያ ጊዜ ይፈልጋል። «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ መድገም አደጋ አለው። እባካችሁ እናትና አባት ያላችሁ ይህን አስረዷቸው።

ለጠያቂው ወንድሜ ደግሞ፦ አሜሪካ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ኢሚዲየት ኮዝ» የሚል መስመር አለ። ለሞት ያበቃው የመጨረሻው ነገር እዚያ ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ ያንን ያመጣው፣ ያንን ያመጣው እየተባለ መነሻው ምክንያት ድረስ ይወረዳል። ሰውየው ለወራት አልጋ ላይ ቆይቶ የሞተ ቢሆንም «ኢሚዲየት ኮዝ» አለው። በእሱና በሞቱ መካከል ሌላ ምክንያት የለም ማለት ነው።

አዳማ 07

እህቴ ስለ ክኒኑ የነገርሽን እውነት ጠቃሚ ነው። ግን ወደ ቃሉ ስመለስ አሁንም አልተዋጠልኝም። «ገና ሳየው አወቅኩት» ለማለት ፈረንጆቹ «ኢሚዲየትሊ ሬኮግናይዝድ»ም፣ «ኢንስታንትሊ ሬኮግናይዝድ»ም ይላሉ። ሁለቱንም በዜናም በፊልምም ሰምቻለሁ። መዝገበ ቃላቶቻቸውም አንዱን በሌላው ነው የሚፈቱት። እነሱ ራሳቸው ካልለዩት እኛ ለምን እንለያለን?

መምህር ዘጎንደር

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማወቅ፣ መለየት፣ መውደድ፣ መጸጸት የሚሉ ግሦች ራሳቸው ጊዜ አይፈጁም። ስታየው አወቅከው፤ አለቀ። ድርጊቱ ጊዜ ካልፈጀና በመሃል የገባ ነገር ከሌለ ሁለቱ ቃላት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ነው አንዱን በሌላው ስትተካ ማንም የማይከፋው።

እንደዚያም ሆኖ ስሜታቸው ይለያል። «ኢንስታንትሊ» ውስጥ መደነቅ አለ። የማስታወቂያ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ኢንስታንት ቡና፣ ኢንስታንት ኑድል፣ ኢንስታንት ካሜራ። ኢንስታግራም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ስሙን ያወጣው «ኢንስታንት ካሜራ» እና «ቴሌግራም» (የድሮው የሽቦ መልእክት) የሚሉትን አጋብቶ ነው። «ኢሚዲየትሊ» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ትዕዛዝ፣ ማስታወቂያ፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ላይ ታገኘዋለህ። «ከዛሬ ጀምሮ የሚጸና» ለማለት «ኢፌክቲቭ ኢሚዲየትሊ» ይባላል። «ኢፌክቲቭ ኢንስታንትሊ» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ጊዜ የሚፈጅ ግሥ ስታመጣ ግን ይለያያሉ። «ቤቱን መሥራት ወዲያው ጀመሩ» ውስጥ «ኢሚዲየትሊ» ይገባል። «ቤቱን ኢንስታንትሊ ሠሩት» ካልክ ተአምር ነው የምታወራው።

ጠበቃ በሥራ ላይ

ይህን ክር ሳነብ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። እዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብና የሰው ነፃነት አለ።

በመጀመሪያ የጠያቂውን ሰነድ እንይ። ሰነዱ አሜሪካ ለካሳ ከሆነ የሚሄደው የቃሉ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሟቹ ከአደጋው በኋላ ራሱን እያወቀ የተሰቃየበት ጊዜ ካለ ለዚያ ስቃይ ለብቻው ካሳ ይጠየቃል። በቅጽበት ከሞተ ግን ያ ጥያቄ መሠረት ያጣል። «ኢንስታንትሊ» ብለህ ስትጽፍ ሳታውቀው ለአንደኛው ወገን መሰከርክ ማለት ነው። የፖሊሱ «ወዲያውኑ» ያንን ያህል አልተናገረም። ሁለት ደቂቃም ቢቆይ አማርኛችን «ወዲያውኑ ሞተ» ይላል። ስለዚህ «ኢሚዲየትሊ» በለው።

ሁለተኛ፣ ሕግ ውስጥ ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ «ወዲያውኑ» እንዲነገረው መብት ይሰጣል። እንግሊዝኛው ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው «ፕሮምፕትሊ» የሚለውን ነው። «ኢሚዲየትሊ»ም «ኢንስታንትሊ»ም አላለም። «ፕሮምፕትሊ» ከሁለቱ ላላ ያለ ነው፤ «ሳይጓተት» እንደማለት። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ ክርክር ቢነሳ የሚያሸንፈው «ወዲያውኑ» ነው። እኔ ይህን ለተያዘ ሰው የሚጠቅም ልዩነት አድርጌ ነው የማየው። ፍርድ ቤት የማቅረቡን ጉዳይ ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ለቃል አልተዉትም፤ 48 ሰዓት ብለው በቁጥር አሰሩት። ቁጥር ሲኖር ክርክሩ ይቀንሳል።

የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እዚህ ውስጥ ገብቷል። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የውጭ ዜጋ ሲያዝ ቆንስላውን የማግኘት መብት እንዳለው «ሳይዘገይ» እንዲነገረው ያዛል። ሜክሲኮ አሜሪካን ከሰሰች። አሜሪካ ውስጥ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ዜጎቿ ይህ አልተነገራቸውም ብላ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍርድ ቤቱ ሲወስን «ሳይዘገይ» ማለት የግድ «እንደተያዘ ኢሚዲየትሊ» ማለት አይደለም አለ። ግን ያሰረው አካል ሰውየው የውጭ ዜጋ መሆኑን እንዳወቀ፣ ወይም ለመጠርጠር ምክንያት እንዳገኘ፣ የመንገር ግዴታው ይጀምራል አለ። አብዛኞቹ ጉዳዮች ላይም አሜሪካ ግዴታዋን አልተወጣችም ተብሎ ተፈረደ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ እህቶቻችንም ይህ አንቀጽ 36 ትልቅ ነገር ነው። ችግር ሲገጥማቸው ቆንስላ ይጠራልኝ ማለት መብታቸው መሆኑን ይወቁ።

ላላ ያለ ቃል የሚያመጣውን ጣጣ ማየት የሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ ራሷን ይይ። በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪ መለየት ሕገ ወጥ ነው ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አፈጻጸሙን «ዊዝ ኦል ዴሊበሬት ስፒድ» አለው። «በታሰበበት ፍጥነት» እንደማለት ነው። የደቡብ ግዛቶች «ታሰበበት» የምትለዋን ይዘው ዓመታት አጓተቱ። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍርድ ቤቱ ያንን አነጋገር ትቶ «አት ዋንስ» አለ። አሁኑኑ። በሁለቱ መካከል 14 ዓመት አለፈ፤ በዚያ ውስጥ ተምሮ የጨረሰ ልጅ ብዙ ነው።

መምህር ዘጎንደር

ጠበቃ፣ ስለ ሕጉ ያሉትን አልነካም። በእንግሊዝኛው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝኛ አንባቢ «ዳይድ ኢሚዲየትሊ» ሲያነብ «ከምን በኋላ?» ብሎ ይጠብቃል። የተለመደው አባባል «ዋዝ ኪልድ ኢንስታንትሊ» ነው። ተርጓሚ ለለመደው ጆሮ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጠበቃ በሥራ ላይ

መምህር፣ ለጋዜጣ ቢሆን እስማማለሁ። ለማስረጃ ሰነድ ግን አልስማማም። ሰነድ ላይ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ያልተጨመረበት ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለገው።

አስተርጓሚ፣ ዲሲ

በሁለታችሁ መሃል ልግባ። እኔ ፍርድ ቤት ነው የማስተረጉመው። የእኛ ደንብ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ምስክሩ «ወዲያው ሞተ» ካለ «ኢሚዲየትሊ» እላለሁ። «ሳያጣጥር ሞተ» ወይም «በቅጽበት ጸጥ አለ» ካለ ያኔ «ኢንስታንትሊ» ወደ አፌ ይመጣል። ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን ጠበቃው ይጠይቀዋል። ምስክሩ ይመልሳል። የእኔ ሥራ አይደለም።

ቃል ፈላጊ፣ የሪፖርቱን ቀጣይ መስመሮች ደግመህ እያቸው። «በቦታው ላይ» የሚል ካለ እንግሊዝኛው «አት ዘ ሲን» ነው፤ ከሁለቱም ቃላት ይገላግልሃል። ወደ ሆስፒታል ተወስዷል የሚል ካለ ደግሞ «ኢንስታንትሊ» ብትል ሰነዱ ራሱን ይቃረናል። የሐኪም ማስረጃ አብሮ ተያይዞ ከሆነ እሱንም አንብብ። ለመለወጥ ሳይሆን ለመረዳት።

ቃል ፈላጊ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን አየሁት፤ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «አስከሬኑ ከቦታው ተነስቶ» ይላል እንጂ ሆስፒታል የሚል የለም። ሰዓትም አልተጻፈም። «ኢሚዲየትሊ» ብዬ እተወዋለሁ። የመምህርን ነገር ግን ለሌላ ሥራ ይዤዋለሁ፤ ነገ የጋዜጣ ጽሑፍ ቢመጣልኝ «ኢንስታንትሊ» እላለሁ።

ፍራንክፈርት ማዶ

ከእንግሊዝኛ ትንሽ ልውጣ፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። እዚህ ጀርመን «ዞፎርት» እና «ኡንፌርሱግሊሽ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሁለቱንም «ወዲያው» ብለን ነው የምንማራቸው። ሕጋቸው ግን ይለያቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 121 «ኡንፌርሱግሊሽ» ማለት «በራስ ጥፋት ሳያዘገዩ» ማለት ነው ይላል። ለማሰብ፣ ሰው ለማማከር ጊዜ አለህ። ያለ ምክንያት ከተኛህበት ግን ጥፋተኛ ነህ። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ይህን ቃል ፈልጉ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣን ጉንተር ሻቦቭስኪ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ነበር። አዲሱ የጉዞ ፈቃድ ከመቼ ጀምሮ ይጸናል ተብሎ ተጠየቀ። ወረቀቱን አገላብጦ ሁለቱንም ቃላት ደርቦ ተናገረ፤ «ዞፎርት፣ ኡንፌርሱግሊሽ» አለ። ዕቅዱ ከማግስቱ ጀምሮ በሥርዓት በማመልከቻ እንዲሆን ነበር። ሕዝቡ ግን «አሁኑኑ» ብሎ ሰማው። በዚያው ሌሊት የበርሊን ግንብ በሮች ተከፈቱ። እዚህ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ያንን ሌሊት ሲያወሩ እነዚያን ሁለት ቃላት በእሱ ድምፅ ይደግሟቸዋል።

«ኢንስታንት»ን በተመለከተ ደግሞ የአውሮፓ ባንኮች ልኬት አበጅተውለታል። «ኢንስታንት» የሚባለው የዩሮ ገንዘብ ዝውውር በ10 ሰከንድ ውስጥ ተቀባዩ ሒሳብ መድረስ አለበት፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይል፣ ሌሊት ሳይል።

ዳዊት ደጋሚ

ለእኔ የሚገርመኝ እንግሊዝኛው ከዘመን ዘመን ሲላላ መምጣቱ ነው። የማርቆስ ወንጌልን በአማርኛ ያነበበ ሰው «ወዲያው» እየተባለ ትረካው እንዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። የግሪኩ ቃል አንድ ነው፤ ማርቆስ 40 ጊዜ ያህል ተጠቅሞበታል። የ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን ይህን ቃል በየቦታው ይቀያይረዋል። አንድ ምዕራፍ ውስጥ «ስትሬትዌይ»፣ «ኢሚዲየትሊ»፣ «አኖን» ታገኛላችሁ።

«አኖን» ያኔ ወዲያው ማለት ነበር። ዛሬ የሚጠቀምበት ካለ «ቆየት ብሎ» ነው። «ባይ ኤንድ ባይ» የባሰ ነው። የሄሮድያዳ ልጅ ንጉሡን የመጥምቁን ራስ «አሁን ስጠኝ» ነው ያለችው ነገሩ፤ እንግሊዝኛው «ባይ ኤንድ ባይ» ይላል። የዛሬ እንግሊዛዊ ያንን ሲያነብ «ወደፊት፣ በጊዜው» ብሎ ይረዳዋል። ሉቃስ 21፥9 ላይም እንዲሁ። አማርኛው «መጨረሻው ወዲያው አይሆንም» ይላል፣ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛው እዚያም «ባይ ኤንድ ባይ» ነው። «ሱን» የሚለው ቃል እንኳ በጥንቱ እንግሊዝኛ «አሁኑኑ» ነበር። ዛሬ «በቅርቡ» ሆኗል።

ምክንያቱን ሳስበው ሰው ነው። «አሁን» ብሎ ቃል ይገባል፣ ያዘገያል። ቃሉ ከሰውየው ጋር ይዘገያል። እኛስ «መጣሁ» የሚል ሰው ስንት ሰዓት ነው የምንጠብቀው?

ጆበርግ

ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ ወይም ልትመጡ ላሰባችሁ፦ እዚህ «ናው»፣ «ጀስት ናው» እና «ናው ናው» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ናው ናው» ማለት ቶሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። «ጀስት ናው» ግን ከዚያ ይርቃል፤ ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ «አይ ዊል ፔይ ጀስት ናው» ካለ ዕቃውን አትስጡ። ሲከፍል ስጡ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

መምህር ይቅርታ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። «ፕረዘንትሊ» ከነዚህ ውስጥ ነው? ሌላው ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ጽሑፍ ላይ «ኢሚዲየትሊ አይ አራይቭድ» የሚል አየሁ። «አፍተር» የለውም። የኅትመት ስህተት ነው?

ነርስ ከሜሪላንድ

ስለ «ፕረዘንትሊ» እኔ የማውቀውን ልንገርህ የኔ ወንድም። እዚህ አሜሪካ «ፕረዘንትሊ» ስንል «በአሁኑ ሰዓት» ማለታችን ነው። እንግሊዝ የተማረች የሥራ ባልደረባ ግን «ሐኪሙ ፕረዘንትሊ ይመጣል» ስትል «ትንሽ ቆይቶ» ማለቷ ነው። ፈተና ላይ ከመጣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቃላት አይተህ ወስን። የአሁን ጊዜ ግሥ ካለ «በአሁኑ ሰዓት» ነው፣ የወደፊት ከሆነ «በቅርቡ» ነው።

መምህር ዘጎንደር

ነርስ በትክክል መለሰችልህ። እኔ ሁለተኛውን ልውሰድ።

የኅትመት ስህተት አይደለም። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኢሚዲየትሊ» እንደ መስተጻምር ይሠራል። «ኢሚዲየትሊ አይ አራይቭድ፣ ሺ ሌፍት» ማለት «ገና እንደደረስኩ ሄደች» ማለት ነው። አሜሪካኖች እንዲህ አይሉም፤ «አዝ ሱን አዝ አይ አራይቭድ» ይላሉ። ፈተናህ ላይ ሁለተኛውን ጻፍ፤ የትም ቦታ ትክክል ነው። ብሪታንያዊ ጽሑፍ ስታነብ ግን የመጀመሪያውን እወቀው።

«ኢንስታንትሊ»ን እዚያ ቦታ ላይ አታስገባ። «ዘ ኢንስታንት አይ አራይቭድ» ይባላል፤ ስሙን ነው እንጂ ተውሳከ ግሡን አይደለም። «በደረስኩባት ቅጽበት» ማለት ነው። ሦስቱንም በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ጽፈህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አርምልሃለሁ።